በሰዓቱ ያልደረሰ ትክክለኛ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜ ሳላባክን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የዛሬው ርዕሳችን ብዙ ሴንሰርና ብዙ አክቹዌተር ያላቸውን ሲስተሞች በሪል ታይም፣ ማለትም በተወሰነላቸው ሰዓት ውስጥ፣ መቆጣጠር ነው። ሴንሰር የምለው የሚለካውን ነው፤ ሙቀት፣ ግፊት፣ ፍጥነት፣ አቅጣጫ የሚያነበውን። አክቹዌተር ደግሞ የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ሞተር፣ ቫልቭ፣ ፒስተን። በመካከላቸው ኮምፒውተር ተቀምጧል። ያነባል፣ ያሰላል፣ ያዛል። ትእዛዙ መሣሪያውን ትንሽ ያንቀሳቅሰዋል። ያንን ለውጥ ሴንሰሮቹ መልሰው ያነቡታል። ዙሩ እንደገና ይጀመራል። መሣሪያው እስኪጠፋ ድረስ ዕረፍት የለም።

በተለመደው ሶፍትዌር መልሱ ትክክል ከሆነ ትንሽ ቢዘገይም እንታገሳለን። እዚህ ግን ከሰዓቱ ያለፈ ትክክለኛ መልስ የተሳሳተ መልስ ነው። ስለዚህ አንድ ሲስተም ሲያሳዩኝ «ምን ያህል ፈጣን ነው?» ብዬ አልጀምርም። «ሁሉንም በሰዓቱ መጨረስ ሲያቅተው ምኑን ይተዋል? ይህንንስ ማን ወሰነ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። መልሱ ኮዱ ከመጻፉ በፊት ካልተቀመጠ፣ የሚተወው ነገር በአጋጣሚ ይመረጣል። ዛሬ ከያዝኳቸው ታሪኮች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በዚህ ላይ ነው። ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

መጀመሪያ አንድ መስታወት በቅርብ እንይ። ሃዋይ ውስጥ፣ ማውና ኬያ ተራራ አናት ላይ፣ ኬክ የሚባሉ መንታ ቴሌስኮፖች አሉ። የእያንዳንዳቸው ዋና መስታወት 10 ሜትር ይሰፋል። ይህን የሚያክል አንድ ወጥ መስታወት መሥራት በጣም ከባድ ነው። ቢሠራም በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ስለዚህ ከ36 ባለ ስድስት ጎን ቁራጮች ገጣጠሙት። አንዱ ቁራጭ 1.8 ሜትር ነው። ቴሌስኮፑ ኮከብ እየተከተለ ዘንበል ሲል ክብደቱ የሚያርፍበት አቅጣጫ ይቀየራል። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል። 36ቱ ቁራጮች ግን እንደ አንድ ገጽ ሆነው መቆየት አለባቸው። የሚፈቀደው ስህተት የሚቆጠረው በናኖሜትር ነው፤ ይህም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ሦስት አክቹዌተሮች አሉ፤ በጠቅላላው 108። ሁለት ቁራጮች በሚጎራበቱበት ጠርዝ ሁሉ ሁለት ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ በጠቅላላው 168። የሴንሰሩ አሠራር በጣም ደስ ይለኛል። ከአንዱ ቁራጭ የወጣች ትንሽ ምላስ በጎረቤቱ ሥር ባለ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ትገባለች። አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ክፍተቱ ይጠባል ወይም ይሰፋል። ያን ጊዜ በመካከሉ ሊከማች የሚችለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ መጠን ይለወጣል። የሚነበበው ያ ለውጥ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ከ168ቱ ሴንሰሮች አንዱም «እኔ የት ነኝ?» ለሚለው መልስ የለውም። የሚያውቀው ከጎረቤቱ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ 108 ትእዛዞችን የሚያወጣው ከነዚህ የጎረቤት ወሬዎች ተነስቶ ነው። ደግነቱ ወሬው ከሚያስፈልገው በላይ ነው። አንዱ ሴንሰር ትንሽ ቢዛባ የሌሎቹ መረጃ ያካክሰዋል። አንዱ ጨርሶ ቢሞትም ስሌቱን ያለሱ ማዘጋጀት ይቻላል።

ግን ብዙ ሴንሰር አለ ማለት ሁሉም ነገር ይታያል ማለት አይደለም። መስታወቱ እንዳለ ከፍ ቢል፣ ወይም እንዳለ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው አቅጣጫ ቢያዘነብል፣ በጎረቤታሞች መካከል ልዩነት አይፈጠርም። እነዚህን ሦስት እንቅስቃሴዎች 168ቱ ሴንሰሮች ተባብረውም አያዩዋቸውም። ስለዚህ ከ108ቱ የሚታዩት 105 ናቸው። የሚታዩ ግን በጣም የደበዘዙም አሉ። ቁራጮቹ በሙሉ ተስማምተው የመስታወቱን ሳህን መሰል ቅርጽ ትንሽ ጠለቅ ቢያደርጉት፣ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ የሚነበበው ለውጥ ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። በመስታወቱ ቅርጽ ላይ ግን ጉዳቱ ትልቅ ነው። ኮምፒውተሩ እዚህ ላይ ሴንሰሮቹን እንዳለ ካመነ፣ የሚከተለው መስታወቱን ሳይሆን የሴንሰሮቹን ጫጫታ፣ ማለትም ትርጉም የሌለውን የንባብ መዋዠቅ ነው። ስለዚህ ቅርጹ በራሱ በኮከብ ብርሃን በየጊዜው ይፈተሻል። ብዙ ሰው ነገር አልስተካከል ሲለው ሴንሰር ይጨምራል። እኔ ግን አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ያሉት ሴንሰሮች በጋራ ምን እንደማያዩ አስሉ እላለሁ። ስሌቱ ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ብዙ ገንዘብ ግን ያተርፋል።

ይህ ሁሉ የሚደጋገመው በሰከንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ከሁሉም ንባቦች ስለሚሰላ፣ 168 በ108 ሲባዛ 18 ሺህ ገደማ ብዜት ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ሳይሰማው ይሠራዋል። ያም ሆኖ ሥራው ሪል ታይም ነው። ስበትና ሙቀት ቀስ ብለው ስለሚለውጡ ግማሽ ሰከንድ ይበቃል። ቁም ነገሩ ያ ግማሽ ሰከንድ አለመዛነፉ ነው።

ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። ቺሊ ውስጥ እየተሠራ ያለው ኢኤልቲ የተባለው የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ዋና መስታወቱ 39 ሜትር ነው፤ 798 ቁራጮች አሉት። ለእያንዳንዱ ሦስት አክቹዌተር ስታደርጉ 2,394 ይመጣል። ከዚህም የሚብሰው አራተኛው መስታወቱ ነው። ይህ በጣም ስስ የሆነ መስታወት ነው። ከጀርባው ከ5,000 በላይ አክቹዌተሮች ይገፉታል፣ ይስቡታል። የአየሩ መናወጥ የኮከቡን ብርሃን ሲያዛባው መስታወቱ በተቃራኒው ይጣመማል። ይህን በሰከንድ እስከ 1,000 ጊዜ እንዲያደርግ ነው የተነደፈው።

ስሌቱን በግምት እንየው። 10,000 የሴንሰር ንባቦች አሉ እንበልና 5,000 ትእዛዞች እናውጣ። አንድ ዙር 50 ሚሊዮን ብዜት ነው። በሰከንድ አንድ ሺህ ዙር ሲሆን 50 ቢሊዮን ይሆናል። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ለዛሬ ፕሮሰሰሮች ግን ማባዛቱ ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ማመላለሱ ነው። 50 ሚሊዮን ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው 4 ባይት፣ ሲደመሩ 200 ሜጋባይት ናቸው። ይህ ሁሉ በየሚሊሰከንዱ ከሜሞሪ መነበብ አለበት። በሰከንድ 200 ጊጋባይት ማለት ነው። ብዙ ቡድኖች ፈጣን ፕሮሰሰር ገዝተው ውጤት ያጡት ለዚህ ነው። ፕሮሰሰሩ ዳታ እስኪመጣለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

መዘግየት ለምን እንዲህ እንደሚጎዳ ደግሞ በቁጥር ላሳያችሁ። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ የሮቦት ክንድ አለ። አንዱ እርግብግቢት 20 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። እናንተ ሴንሰሩን አንብባችሁ፣ ክንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ እንዲገፋ ሞተሩን ታዛላችሁ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ከንባቡ እስከ ግፊቱ 10 ሚሊሰከንድ ቢያልፍስ? ግማሽ ዙር አለፈ። ክንዱ አሁን ራሱ ወደ ግራ እየሄደ ነው፤ እናንተም ወደ ግራ ትገፉታላችሁ። ሴንሰሩ ያው ነው፣ ሞተሩም ያው፣ ቀመሩም ያው። እርግብግቢቱን ለማብረድ የገባው ኃይል ግን ያባብሰዋል። ግማሽ ዙር እስኪሞላ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በ5 ሚሊሰከንድ ጊዜ ማብረዱ ቀርቶ ድካም ብቻ ይሆናል።

መዘግየቱ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ መላ አለው። ቀመሩ ውስጥ አስገብታችሁት ክንዱ ወደፊት የት እንደሚሆን ትገምታላችሁ። የሚያስቸግረው አንዴ 1፣ አንዴ 3፣ አንዴ 12 ሚሊሰከንድ የሚሆነው ነው። ሪፖርት ላይ «አማካይ 1 ሚሊሰከንድ» ተብሎ ሲጻፍ እኔ አልረካም። ከ10,000 ዙር አንዱ 12 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ አማካዩ ላይ ምንም አይታይም። በሰከንድ 1,000 ዙር የሚሠራ ሲስተም ውስጥ ግን ያ አንዱ በየ10 ሰከንዱ ይመጣል ማለት ነው። አማካዩን ተዉትና የከፋውን አሳዩኝ።

የከፋው ጊዜ ከየት ይመጣል? ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፣ ከኔትወርክ ወረፋ፣ ከሜሞሪ አያያዝ፣ ሎግ ፋይል ላይ ከመጻፍ። ተራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተሠራው ብዙ ሥራ እንዲያስኬድ እንጂ አንዱን ሥራ በሰዓቱ እንዲያደርስ አይደለም። ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለዚህ የሚያበቃው ሥራ በዋናው ኮድ ውስጥ ተጠቃሎ የገባው በ2024፣ በ6.12 እትም ነው። ከዚያ በፊት 20 ዓመት ገደማ ለብቻው እየተለጠፈ ነበር የኖረው። የዚያን ያህል ዓመት የፈጀ ትዕግሥት ሊመሰገን ይገባዋል።

ብዙ ሴንሰር ሲኖር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ቅጽበት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በሰከንድ ወደ 28 ሜትር ይሄዳል። ካሜራውና ራዳሩ በ50 ሚሊሰከንድ ቢለያዩ፣ የቆመን አንድ ዕቃ በ1.4 ሜትር አራርቀው ያሳዩታል። ሁለቱም አልዋሹም። ያወሩት ግን ስለ ተለያየ ጊዜ ነው። ስለዚህ ንባብ ሁሉ የተለካበትን ሰዓት ይዞ መምጣት አለበት። ኮምፒውተሩ ጋ የደረሰበትን ሳይሆን የተለካበትን። ሰዓቶቹም ራሳቸው መስማማት አለባቸው። ተራ የኳርትዝ ሰዓት በሚሊዮን 20 ቢሳሳት በየሰከንዱ 20 ማይክሮሰከንድ ይስታል። በቀን ሲደመር 1.7 ሰከንድ ነው። ሰዓቶችን በኔትወርክ የሚያስማማው አይትሪፕልኢ 1588 የተባለው ደረጃ በ2002 የወጣው ለዚህ ነው።

ሰዓት ሲስት ሰው ይሞታል። በየካቲት 1991፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ ዳህራን ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የነበረ የፓትሪየት ሚሳይል መከላከያ ሲስተም ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር። አንድ አሥረኛ በኮምፒውተር የሁለትዮሽ ቁጥር ተጽፎ አያልቅም። ስለዚህ በ24 ቢት ተቆረጠ። ከተቆረጠው የቀረው ስህተት ኢምንት ነው። ሲስተሙ ግን 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ሲሠራ ስህተቱ ተጠራቅሞ አንድ ሦስተኛ ሰከንድ ገደማ ሆነ። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጪው ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሲስተሙ የፈለገው ሚሳይሉ በሌለበት ቦታ ነበር። 28 ወታደሮች ሞቱ።

ስለ ኔትወርክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ብዙ መሣሪያዎች አንድ ሽቦ ሲጋሩ ሁለቱ በአንዴ ቢናገሩ ምን ይደረጋል? ቦሽ የተባለው ኩባንያ በ1986 ያስተዋወቀው፣ ዛሬ መኪና ሁሉ ውስጥ ያለው ካን የሚባለው መስመር የሰጠው መልስ ግሩም ነው። መልእክት ሁሉ በመለያ ቁጥሩ ይጀምራል። ሽቦው ላይ ዜሮ አንድን ያሸንፋል። ሁለት መሣሪያዎች እኩል ሲጀምሩ፣ አንድ ልኮ ዜሮ የሰማው ወዲያው ዝም ይላል። ትንሹ ቁጥር፣ ማለትም ዋናው መልእክት፣ አንድ ቢት ሳይበላሽበት ያልፋል። የተሸነፈው ቆይቶ ይሞክራል። ማን ማንን እንደሚያስቀድም የተወሰነው ግን መኪናው ከመሠራቱ በፊት ነው።

አሁን ወደ ልቤ የቀረበው ክፍል ደረስን። ሥራ ሲበዛ ምን ይተዋል?

ጁላይ 20 ቀን 1969። የአፖሎ 11 መንኮራኩር ጨረቃ ላይ ልታርፍ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋታል። ኮምፒውተሩ 1202 የሚል ማስጠንቀቂያ አወጣ። ትርጉሙ «አዲስ ሥራ የማስቀምጥበት ቦታ አለቀብኝ» ነው። በዚያ ሰዓት ምንም የማያስፈልግ አንድ ራዳር በኤሌክትሪክ አቅርቦቱ ጠባይ ምክንያት የውሸት ምልክት ያዘንብ ነበር። ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ምልክት ለመቁጠር ጊዜውን ይሰጣል። በዚህ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆነው አቅሙ ተበላ። በየሁለት ሰከንዱ የሚጀመረው የማብረር ስሌት ያለፈው ሳይጠናቀቅ አዲሱ ይመጣበት ጀመር። ተለዋዋጭ ሜሞሪው 2,048 «ቃላት»፣ ማለትም የቁጥር ማስቀመጫ ቦታዎች፣ ብቻ ነበር።

ብዙ ኮምፒውተር እዚህ ላይ ይቆማል። ይህኛው ግን ራሱን በቅጽበት አስነሳና አስፈላጊዎቹን ሥራዎች ካቆሙበት ቀጠለ። ሞተሩና አቅጣጫው ቁጥጥር ስር ቆዩ። ትንሽ ቆይተው ቢመጡም የማይጎዱ ሥራዎች ተጣሉ። ማስጠንቀቂያው ተደጋገመ፤ በእያንዳንዱም ያው ሆነ። መንኮራኩሯም አረፈች። ሥራን በቅድሚያ ደረጃ የሚያሰልፈውን ክፍል የነደፈው ሃል ላኒንግ ነው። የበረራ ሶፍትዌሩን ቡድን የመራችው ማርጋሬት ሃሚልተን ናት። እኔን የሚገርመኝ የኮዱ ብልጠት አይደለም። «ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ይሞላበታል» ብለው ቁጭ ብለው ማሰባቸው ነው። ሁሉም ልክ ከሄደ ይህ ክፍል በጭራሽ አይነካም ነበር። ግን ጻፉት።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1973፣ ሊዩና ሌይላንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በሂሳብ አስቀመጡት። ቶሎ ቶሎ ለሚደጋገም ሥራ ከፍ ያለ ደረጃ ስጡ። አንዱ ሥራ ሌላውን የማይጠብቅ ከሆነና ጠቅላላ ሥራው ከፕሮሰሰሩ አቅም 69 በመቶ ገደማ ካላለፈ፣ የሥራው ብዛት ምንም ያህል ይሁን፣ ሁሉም በሰዓቱ ይደርሳል። ይህ ማረጋገጫ ነው። ከዚያ በላይም ሊሠራ ይችላል፤ ግን እያንዳንዱን ለይታችሁ መፈተሽ አለባችሁ። «ፕሮሰሰሩ 30 በመቶ ስራ ፈት ነው፣ አንድ ነገር እንጨምርበት» የሚል ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ ይህን ቁጥር አስታውሱት።

«አንዱ ሌላውን የማይጠብቅ ከሆነ» የምትለዋ ሐረግ ግን ቀላል አይደለችም። ጁላይ 4 ቀን 1997 ማርስ ፓዝፋይንደር ማርስ ላይ አረፈች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሯ በተደጋጋሚ ራሱን ያስነሳ ጀመር። ሦስት ሥራዎችን አስቡ። አንደኛው ከፍተኛ ደረጃ ያለው፣ የመረጃ መስመሩን የሚያስተዳድረው ነው። ሌላው ዝቅተኛ ደረጃ ያለው፣ የአየር ጠባይ መረጃ የሚሰበስበው ነው። ሦስተኛው መካከለኛ ደረጃ ያለው የመገናኛ ሥራ ነው። ዝቅተኛው አንድ የጋራ ቁልፍ ይይዛል፤ ቁልፍ የምለው የጋራውን መረጃ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ እንዲነካው የሚያደርገውን ነው። ከፍተኛው ያን ቁልፍ ፈልጎ ይጠብቃል። እዚህ ድረስ ችግር የለም፤ ዝቅተኛው በአጭር ጊዜ ይለቀዋል። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት መካከለኛው ይመጣና ዝቅተኛውን ያስቆመዋል፣ ደረጃው ስለሚበልጥ። መካከለኛው ረጅም ሥራውን ይሠራል። ዝቅተኛው ቁልፉን እንደያዘ ቆሟል። ከፍተኛው ደግሞ እሱን ይጠብቃል። በመጨረሻ ጠባቂው ሰዓት ዋናው ሥራ በጊዜው አለመጠናቀቁን አይቶ ኮምፒውተሩን ዳግም ያስነሳዋል።

መፍትሔው ከ1990 ጀምሮ በደንብ ተጽፎ ይታወቅ ነበር። ቁልፍ ለያዘው ሥራ፣ እሱን እየጠበቀ ያለው ሥራ ደረጃ ለጊዜው ይሰጠዋል። ያን ጊዜ መካከለኛው ሊያስቆመው አይችልም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ይህ ምርጫ ነበረው፤ አልበራም ነበር እንጂ። መሐንዲሶቹ ምድር ላይ ባለው ቅጂ ችግሩን እስኪደገም ሞክረው፣ ምክንያቱን አግኝተው፣ ማስተካከያውን ወደ ማርስ ላኩ። ይህን ያስቻላቸው ሥራዎቹ መቼ እንደጀመሩና መቼ እንደቆሙ የሚመዘግበውን ክፍል ከበረራው ሶፍትዌር ውስጥ አለማውጣታቸው ነው። ቦታ ይወስዳል ብላችሁ መዝጋቢውን አትቁረጡ።

እስካሁን ሴንሰሮቹ እውነት እንደሚናገሩ አድርገን ነው የመጣነው። ካልተናገሩስ? ኦክቶበር 29 ቀን 2018 የሊዮን ኤር፣ ማርች 10 ቀን 2019 ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች ወደቁ። 346 ሰዎች ሞቱ። ይህን ሳነሳ ይከብደኛል፤ ሳላነሳ ማለፍ ግን አልችልም። አውሮፕላኑ አፍንጫው ከአየሩ ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። ኤምካስ የተባለው ሲስተም ግን የሚያነበው ከአንዱ ብቻ ነበር። ያ አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ሲሰጥ ሲስተሙ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። በኋላ የተደረገው ማስተካከያ ሁለቱን ያወዳድራል፤ ካልተስማሙ ሲስተሙ ከሥራ ይወጣል። ሴንሰሩ ነበረ። ሽቦውም ነበረ። አንዱን ብቻ መጠየቅ ነው የገደለን።

ሁለት ሴንሰር ሲጣሉ ዳኛ የለም። ሦስት ሲሆኑ መካከለኛውን ትወስዳላችሁ፤ አንዱ ቢያብድ መካከለኛው አይነካም። ሌላው መንገድ በፊዚክስ መመርመር ነው። አውሮፕላኑ ከአንድ ቅጽበት በፊት የት ነበር? አሁን የት መሆን ይችላል? ሩዶልፍ ካልማን የተባለው መሐንዲስ በ1960 ያሳተመው ዘዴ የሚያደርገው ይህን ነው። አስቀድሞ ይገምታል፣ ከንባቡ ጋር ያስተያያል፣ እምነቱን ለሁለቱ ያካፍላል። ንባቡ ከግምቱ በማይታመን መጠን ሲርቅ እኛ ልንጥለው እንችላለን።

ተመሳሳይ መጠባበቂያ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጁን 4 ቀን 1996 አሪያን 5 ሮኬት በመጀመሪያ በረራዋ ዋናው ሞተሯ ከተቀጣጠለ 37 ሰከንድ ገደማ በኋላ አቅጣጫዋን ሳተች፤ ወዲያው ተበታተነች። አቅጣጫ የሚለኩት ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ነበራቸው። አንድ ትልቅ ቁጥር በ16 ቢት ውስጥ አልገባ ሲል መጠባበቂያው ቆመ፤ ዋናውም በዚያው ምክንያት ተከተለ። ስሌቱ ራሱ ሮኬቷ ከተነሳች በኋላ ጥቅም አልነበረውም። የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሆነው ነው። የቆመው መሣሪያ የብልሽት መልእክት ላከ። ዋናው ኮምፒውተር መልእክቱን እንደ በረራ ቁጥር አነበበው፤ የሞተሮቹንም አፍንጫ እስከ ጥግ አዞረ። አንድ ንባብ ዋጋውን ብቻ ይዞ መምጣት የለበትም የምለው ለዚህ ነው። «እኔ ደህና ነኝ» ወይም «አትመኑኝ» የሚል ምልክት አብሮት መኖር አለበት። ተቀባዩም መጀመሪያ እሱን ማየት አለበት።

በአክቹዌተር በኩል ዋናው ጥያቄ ትእዛዝ ሲቋረጥ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ቫልቭ ስፕሪንግ ኖሮት ይዘጋል? ይከፈታል? ባለበት ይቆያል? የጋዝ ቫልቭ ቢዘጋ ይሻላል። የማቀዝቀዣ ውሃ ቫልቭ ቢከፈት ይሻላል። ይህን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ሳይሆን ብረቱ ነው፤ ስለዚህ ሲገዛ ነው የሚታሰበው። እግረ መንገዴን፣ ቫልቭ 100 በመቶ ከተከፈተ በኋላ ኮምፒውተሩ «ጨምር» እያለ ስህተቱን ማጠራቀም የለበትም። የተጠራቀመው ተራግፎ እስኪያልቅ ቫልቩ በሰዓቱ አይመለስም።

እዚህ ላይ ሲስተሞች በሁለት ይከፈላሉ። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ከመሬት በታች ያለው 27 ኪሎ ሜትር የሚዞረው የሰርን የምርምር ማዕከል የቅንጣት ማፋጠኛ፣ ሙሉ አቅሙ ላይ አንዱ ጨረር 360 ሜጋጁል ገደማ ኃይል ይይዛል። ዙሪያውን በሺዎች የሚቆጠሩ ጠቋሚዎች አሉ። አስጊ ነገር ሲታይ ጨረሩ በሦስት ዙር ያህል ጊዜ ውስጥ ተጠልፎ ይጣላል፤ አንዱ ዙር 89 ማይክሮሰከንድ ነው። የብዙዎቹ ጠቋሚዎች ስምምነት አይጠበቅም። ጨረር ያለ ምክንያት ቢጣል የሚጠፋው የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ ማቆም ራሱ ደህንነት ነው። አየር ላይ ያለ አውሮፕላን ግን ማቆም አይችልም። እዚያ ጥርጣሬ ሲገባ በጥቂቱም ቢሆን መብረሩን መቀጠል አለበት። ስለዚህ የሌላውን ዲዛይን ከመቅዳታችሁ በፊት የእናንተ ሲስተም ቆሞ ይድናል ወይስ አይድንም የሚለውን ለዩ።

ብዙዎቻችሁ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በ2022 የታተመ ሥራ አለ። ስዊዘርላንድ ሎዛን ባለው ቲሲቪ በተባለው፣ ፕላዝማን (እጅግ የጋለ ጋዝን) በማግኔት አቅፎ በሚይዝ ማሽን፣ የዲፕማይንድ ኩባንያና የማሽኑ ተመራማሪዎች 19 የማግኔት ጥቅልሎችን በአንድ የተማረ ኒውራል ኔትወርክ ተቆጣጠሩ። በሰከንድ 10,000 ጊዜ። የተማረው በሲሙሌሽን ነው። ትእዛዝ የሚያወጣው ኔትወርክ ሆን ተብሎ ትንሽ ተደረገ፤ ካልሆነ በ100 ማይክሮሰከንድ ውስጥ አይጨርስም። ለሪል ታይም ይህ የስሌት ዓይነት አንድ ጥሩ ጠባይ አለው። ግብዓቱ ምንም ይሁን ምን የብዜቱ ብዛት ያው ነው፤ ስለዚህ ጊዜው አይዋዥቅም። ያልተማረው ሁኔታ ሲመጣ ምን እንደሚያዝ ግን በቀመር ማረጋገጥ ከባድ ነው። በዚያ ሙከራም ፕላዝማውን አቀጣጥሎ ያስረከበው የተለመደው ተቆጣጣሪ ነበር። እኔ ብሆን ኔትወርኩን እጠቀምበታለሁ። በላዩ ላይ ግን የእያንዳንዱን ጥቅልል ገደብ የሚጠብቅ፣ አጭርና ተራ ኮድ አስቀምጣለሁ፤ ገደቡ ሲጣስ ቁጥጥሩን የሚወስድ። የዚያን ኮድ የከፋ ጊዜም ሴንሰሮችን አንድ በአንድ እየነቀልኩ እለካለሁ።

ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።